ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ፦ ይቺን ልጅ አትለፏት

ባሕር ዳር ሆናችሁ መጽሐፍ፣ መጽሔት ወይም የጥናት ጥራዝ የምታዘጋጁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ፔዳ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ውስጥ የሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ሥራ የምትሠራ እህት አለች። እጇ ይባረክ!

ሥራችን ስለ ጣና ገዳማት የተጻፉ ጽሑፎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ጸሐፊ አለው፤ ፋይሉም ለየብቻ ነው። መጀመሪያ የሰጠነው ቦታ (ስሙ ይቅር) የአንዱን ምዕራፍ ፋይል ለሌላው እየገለበጠ ሠራው። ስለ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት እያነበባችሁ የገጹ አናት «ናርጋ ሥላሴ» ይላል። ናርጋ እኮ ደቅ ደሴት ላይ ነው! ክብራን ገብርኤል ጋ ደግሞ ጭራሽ ሄደር (የገጽ አናት ጽሑፍ) የለም።

እሷ አልደነገጠችም። ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ «ቡክ» የሚባል ነገር አለ፤ ምዕራፎቹን በተርታ ይዞ የገጽ ቁጥራቸውን ያስቀጥላል። አንዱ ፋይል ምንጭ ይሆናል፤ «ሲንክሮናይዝ» ሲባል የቀሩት የእሱን መልክ ይይዛሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእሷ ሙያ የታየኝ ከዚያ በፊት በሠራችው ነው። የማስተር ገጾቹ (በየገጹ የሚደጋገመውን ሄደር የሚይዙት አብነት ገጾች) ስም በየፋይሉ ይለያይ ነበር፤ የርዕሱ ስታይል (የፊደል መልክና መጠን ቅንብር) ስምም አንዱ ጋ «ርዕስ»፣ ሌላው ጋ «ዋና ርዕስ» ነው። ሶፍትዌሩ የሚተካው ስሙ አንድ የሆነውን ብቻ ነው፤ የተለየውን እንዳለ ይተወዋል። ቁጭ ብላ ስሞቹን አንድ አደረገች። ገጽ ላይ በእጅ የተጻፉትን ሄደሮችም ለቅማ አጠፋች፤ በእጅ የተነካ ጽሑፍ ማስተሩ ቢቀየርም አይሰማም። ሲንክሮናይዝ ሲደረግ ማስተር ገጽ (በአዲሶቹ እትሞች «ፓረንት ፔጅ») የሚለው ላይ ምልክት ካልተደረገ ሄደሩ እንደማይተላለፍም አሳይታኛለች።

ሌላው ጣጣ ረጅም ርዕስ ነው። ጸሐፊዎቻችን ርዕስ በማሳጠር አይታሙም። ርዕሱን ከገጹ አንብቦ ሄደር ላይ የሚያወጣው ቴክስት ቫሪያብል የሚሉት ነገር ግን ወደ ሁለተኛ መስመር አይወርድም፤ ፊደሉ አንዱ ባንዱ ላይ ይታጨቃል። ስለዚህ ለየምዕራፉ አጭር ስም አወጣችና በየፋይሉ ሴክሽን ማርከር (የክፍሉን ስም ተቀብሎ ሄደሩ ላይ የሚያወጣ ቦታ) ላይ አስገባችው። ማስተሩ ያው አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ምዕራፍ የሚከፈትባቸው ገጾች ሄደር የሌለው ሌላ ማስተር አላቸው።

ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ኮሚቴያችን በመጽሐፉ ርዕስ ውስጥ ያለው «ሀይቅ» «ሐይቅ» ይሁን አለ። (ኮሚቴ መቼም!) ምንጩ ፋይል ላይ አንዲት ፊደል ቀየረች፣ ሲንክሮናይዝ አለችው፣ የመጽሐፉን ርዕስ የያዘው የግራ ገጹ ሄደር በሁሉም ምዕራፍ ተስተካከለ።

እንከን ካላችሁኝ ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ በአካል ብትሄዱ ይሻላል። ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትመልሳችኋለች። የዎርዱን ወይም የኢንዲዛይኑን ፋይል ያዙ፤ ፎንቱንም አትርሱ። አድራሻዋን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፤ ኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ እልካለሁ።