የአሽበርን ዘመዶቼ፦ በነጻ የሚገኝ የጎብኚ መቁጠሪያ በ24 ሺህ ብር እንዴት እንደገዛሁ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ትንሽ ሱቅ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የእጅ ሥራ መሸጫ ኖሯችሁ ድረ ገጽ ያሠራችሁ ሁሉ፣ አንድ ቀን ላፕቶፕ ያነገተ ትሑት ወጣት ሊመጣባችሁ ይችላል። «ጋሼ፣ ድረ ገጽዎን በቀን ስንት ሰው እንደሚያየው ያውቃሉ?» ብሎ ይጀምራል። አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት የእኔን ስሙ።

የመንዝ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ነጋዴ ነኝ። እዚህ ከተማ ብርዱ ራሱ ደላላዬ ስለሆነ ገዢ ፈልጌ አላውቅም። ድረ ገጹን ያሠራሁት ውጭ አገር ላሉት ወገኖች ነው፤ ፎቶግራፉን አይተው እንዲደውሉ ብዬ። ልጁ ጉግል አናሊቲክስ የሚባለውን የጎብኚ መቁጠሪያ ለመግጠሚያ 12 ሺህ ብር፣ ከዚያ በኋላ «ለክትትል» በየወሩ 1,500 ብር ጠየቀኝ። ስምንት ወር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነጋዴ ሆኜ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል።

በየወሩ መጨረሻ በቀለም የታተመ ወረቀት ያመጣልኛል። ወረቀቱ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሰማያዊ መስመር አለ። በመጀመሪያው ወር 310 ጎብኚ፣ በአራተኛው 1,900፣ በሰባተኛው 4,200። ከመስመሩ በታች የከተሞች ዝርዝር ተደርድሯል፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው «አሽበርን፣ ቨርጂንያ» ነው። «የእኛው ሰዎች እኮ ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ። ቨርጂንያና ዋሽንግተን አካባቢ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር ማን ያጣዋል? ወረቀቱን ከባናዎቹ ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ተገናኝተው ነበር።

ያስጠረጠረኝ የስልኬ ዝምታ ነው። ሱቄ ደጃፍ አሥር ሰው ካለፈ ቢያንስ አንዱ ቆሞ ሱፉን ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «ተወደደ» ብሎ ይሄዳል። እንዴት 4,200 ሰው በርኖስ አይቶ አንድ እንኳ «ስንት ነው?» የሚል ይጠፋል?

ኮምፒውተር የምትማረው የእህቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ ወረቀቱን አየችና «ጋሼ፣ አሽበርን ማን አለዎት?» ብላ ሳቀች። አሽበርን ለካ የኮምፒውተር መጋዘኖች ከተማ ናት፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የመረጃ ማዕከላት ከተከማቹባቸው ቦታዎች አንዷ። ከዚያ የሚመጣው ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሳይሆን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ እየዞረ የሚያነብ ቦት የሚባል ፕሮግራም ነው። ጉግል አናሊቲክስ የሚታወቁትን ቦቶች በራሱ ያስወጣቸዋል፤ ያላወቃቸው ግን እንደ ሰው ተቆጥረው ይገባሉ። ከከተማው ስም አጠገብ በደቃቁ የተጻፈውን አማካይ ቆይታ በጣቷ አሳየችኝ፦ 0 ሰከንድ። ስምንት ወር ሙሉ አላየሁትም። ዘመዶቼ በሩን ከፍተው እግራቸውን ሳያስገቡ የሚመለሱ ነበሩ።

የቀረው ቁጥርም ንጹሕ አልነበረም። የመቁጠሪያው ኮድ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ አንዱ ድረ ገጹ ላይ በሚጨመር ተሰኪ ፕሮግራም፣ ሌላው በእጅ። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት ገጹ ሁለት ጊዜ እንደታየ ይመዘገብ ነበር። ከፊት ገጹ ግርጌ ደግሞ «እስካሁን የጎበኙን» የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ገጹን አምስት ጊዜ እያደሰች ከፈተችው። 11,846 የነበረው 11,851 ሆነ። ከአምስቱ ጎብኚዎች አምስቱም እኛ ነበርን።

ይህ ሁሉ ግን ከዋናው ነገር አይብስም። ጉግል አናሊቲክስ ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ንግድ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የጉግል ኢሜይል ካላችሁ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ «ጂ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደልና በሰረዝ የሚጀምር መለያ ይሰጣችኋል፣ እሱን የያዘውን አጭር ኮድ ድረ ገጹን የሠራላችሁ ሰው ያስገባዋል። ከዚያ ገጹን በስልካችሁ ከፍታችሁ ሪልታይም የሚለውን ክፍል ታያላችሁ፤ እሱ ያለፉትን 30 ደቂቃዎች ስለሚያሳይ ራሳችሁን እዚያው ታገኛላችሁ። የእህቴ ልጅ ቡና እስኪፈላ ጨረሰችው። ላዋቀረ ሰው የድካሙን መክፈል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ነጻውን ነገር «የወር ኪራይ» ብሎ ማስከፈል ነው።

ልጁ አካውንቱን የከፈተው በራሱ ኢሜይል ነው። ባለቤቱ እሱ፣ የወረቀት ተመልካቹ እኔ። በስሜ እንዲያዞርልኝ ስጠይቀው «ሲስተሙ አይፈቅድም» አለኝ። ይፈቅዳል። በአስተዳደር ክፍሉ ገብቶ የእኔን ኢሜይል በአድሚኒስትሬተርነት መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። ክፍያ ሳቆም ግን «ያለፈው መረጃ ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ዛተ፤ እውነትም አጠፋው። አዲስ የተከፈተ አካውንት ከተገጠመበት ቀን በፊት የነበረውን አያውቅም፣ ወደ ኋላም አይሞላም። የስምንት ወሩ መዝገብ፣ ከነቦቱም ቢሆን፣ የለም። የድረ ገጹ ስም በራሴ ኢሜይል መመዝገቡ በጀኝ እንጂ እሱንም ይዞብኝ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ሰው ስታሠሩ አካውንቱ ከመጀመሪያው በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፤ ሠራተኛውን እናንተ ጨምሩት፣ ሥራው ሲያልቅም እናንተ አስወጡት። «ቪወር» የሚል የማየት መብት ብቻ ሰጥቶ «ይኸው ገብተዋል» የሚላችሁን አትመኑ። ሪፖርት ሲያመጣላችሁ ወረቀቱን ትታችሁ እዚያው ፊታችሁ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የቆይታውን ጊዜ ተመልከቱ፤ የከተማውን ስም ደግሞ እንደ ግምት ያዙት።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ጎረቤቴ የባሰ ገጥሞታል። የእሱ ኮድ በ«ዩኤ» ፊደላት የሚጀምረው አሮጌው ዓይነት ነው። ያ አገልግሎት ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. መቁጠር አቁሟል። እሱ ግን ከዚያ በኋላም «የክትትል» ይከፍል ነበር። የምን ክትትል እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ኮዳችሁ በምን ፊደል እንደሚጀምር ዛሬውኑ አስጠይቁ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ገንዘብ ሳታወጡ አስተካክሉ። ለዝርዝር ምርመራ የሚቀመጠው መረጃ ካልነካችሁት በሁለት ወር ይሰረዛል፤ ከቅንብሩ ወደ 14 ወር ማሳደግ ይቻላል። የራሳችሁንና የቤተሰባችሁንም ጉብኝት ከቁጥሩ ማስወጣት አትርሱ፤ እኔ በቀን አራት ጊዜ የራሴን ባና እየከፈትኩ ሳይ ነበር የኖርኩት። ሊከፈልበት የሚገባ ሥራ አለ ከተባለ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ስንት ሰው እንደነካው የሚቆጥረውን ማዘጋጀት ነው። እሱ በራሱ አይመጣም፣ ለብቻው መሠራት አለበት፤ ለነጋዴ ግን ከጎብኚው ብዛት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ያለፈው ሳምንት ቁጥሬ 41 ነው። ከእነዚህ ሰባቱ እኔው ሳልሆን አልቀርም። ሁለት ሰዎች ስልኩን ነክተዋል። አንዷ ደውላ ለእናቷ ባና አዘዘች፤ ዋጋው ላይ ግን ገና አልተስማማንም።