አዲስ ሽጉጥ ከነካርቶኑ፣ ፋብሪካው ግን የለም

መልኩን ላመስግን መጀመሪያ። ቱርክ ሠራሽ ነው፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ካዝና (ጥይት የሚሞላበት ሳጥን) አለው። እጅ ላይ ሲይዙት ልክክ ይላል፣ ቀለሙም ያምራል። ሎጃችን ውስጥ ያየው ሁሉ "ወይኔ!" ብሎታል። ተኩስ ሜዳ ሲሄድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ጥበቃ ክፍል ነው። መሣሪያዎቻችን በድርጅቱ ስም የተመዘገቡና በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ "ከየት ነው የሚገኘው?" ብላችሁ ኢንቦክስ አትምጡብኝ። እኔ ገዢም ሻጭም አይደለሁም፣ ሲበላሽ የሚጠየቀው ሰው ነኝ።

ችግሩ የታየው ሥልጠና ስንወጣ ነው። ሦስት አራት ጥይት ደህና ይሄድና ድንገት ይነክሳል። አንዳንዴ የተተኮሰው ቀለህ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ብረትና በርሜሉ መካከል አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቀረቀራል። አንዳንዴ ደግሞ አዲሱን ጥይት አልጎርስም ይላል፤ የጥይቱ አፍንጫ የበርሜሉን መግቢያ ገጭቶ እዚያው ይቆማል። አንድ ልጅ "እጅህን ስላላጠነከርክ ነው" ተባለ። እውነት ነው፣ እጅ ከላላ እንዲህ ያደርጋል። ግን ከእኛ መካከል በጣም የጠነከረ እጅ ያለው ሰውዬ ያዘውና ለእሱም ነከሰ።

ጥይቱንም ተጠራጠርን። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ይሳሳታል፦ ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ጥይትና የዚህ ሽጉጥ ጥይት ሁለቱም "ዘጠኝ" ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ ይሄኛው 9 በ19 (ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር)። የማካሮቭ እርሳስ እንዲያውም ወፈር ይላል፣ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ለሌላው መሞከር ሽጉጡንም እጅንም ማጣት ነው። የእኛ ጥይት ግን ትክክለኛው ነበር።

ከዚያ ካዝናዎቹን በጥፍር ቀለም አንድና ሁለት ብለን ምልክት አደረግንባቸው። አልጎርስም የሚለው ሁልጊዜ በአንደኛው ካዝና ሆነ። ቀለህ መቀርቀሩ ግን በሁለቱም አለ። ሁለት የተለያየ በሽታ ማለት ነው።

ፈቃድ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ መሣሪያ ግምጃ ቤት የሠሩ ናቸው። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ካዝናውን አውጥተው፣ ውስጡን አይተው፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ባዶ መሆኑን ነግሬያቸው ነበር፤ አላመኑኝም፣ ደግ አደረጉ። አንደኛውን ካዝና ሞልተው የላይኛውን ጥይት በአውራ ጣታቸው ጫን ለቀቅ አደረጉት። ጥይቱ እየተንፏቀቀ ነው ተመልሶ የሚወጣው። "ልጄ፣ ሽጉጡ ጤነኛ ነው። ካዝናው ነው ከንፈሩ የጠመመው፣ ሞላውም ሰነፍ ነው" አሉኝ። ቀለሁን ጎትታ የምታወጣዋን ትንሽ ጥፍር ደግሞ በባትሪ አብርተው አሳዩኝ። ከሥሯ የብረት ብናኝ ተጠቅጥቋል። እኛ ያመጣነው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ፋብሪካው ሲፍቅ የተወው ነው። በመርፌ ለቅመው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ቀለህ አልቀረቀረም። የተጠማዘዘ ካዝና ግን በፒንሳ አይታረምም፣ መቀየር አለበት አሉ።

እዚህ ላይ ነው ፋብሪካው የሚገባው። ካርቶኑ ውስጥ ያማረ የዋስትና ወረቀት አለ፣ ኢሜይልም አለበት። ጻፍኩ፣ ፎቶ አያያዝኩ፣ የሽጉጡን ቁጥር ጨመርኩ። ወዲያው መልስ መጣ! ደስ ብሎኝ ስከፍተው "መልእክትዎ ደርሶናል" ብቻ ነው፣ ማሽን የሚልከው። ሰንበት ብሎ ሰው የጻፈው መጣ፦ በአገርዎ ያለውን ወኪላችንን ያነጋግሩ። ድረ ገጻቸው ላይ የወኪሎች ዝርዝር ገባሁ፣ ኢትዮጵያ የለችም። ይህንኑ ስጽፍላቸው ደግሞ "ሽጉጡን ለምርመራ ወደ ፋብሪካ ይላኩ" አሉኝ። ሽጉጥ ከባሕር ዳር በፖስታ! ፖስታ ቤት ይዤው ገብቼ የት እንደማድር አስቡት። እኔ የጠየቅኩት እኮ ካዝና ነው፣ ያውም ከፍዬ። ከዚያ በኋላ ዝም ጭጭ።

ችግር የማይገጥመው ሽጉጥ አለ እያልኩ አይደለም፤ ትልልቆቹ አምራቾችም ላይ ይደርሳል። ሲግ ሳወር የሚባለው ኩባንያ ፒ320 ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ጦር ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊተኩስ እንደሚችል ታየ። ምላጩ ከበድ ያለ ስለነበር ሽጉጡ መሬት ሲመታ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኩባንያው መጀመሪያ አስተማማኝ ነው ብሎ መግለጫ አወጣ፣ ቀናት ሳይቆይ ደግሞ በነጻ እናስተካክላለን አለ። የአሜሪካው አምራች ሩገር በ2008 ኤስአር9 በሚባለው ሽጉጡ ላይ ተመሳሳይ የመውደቅ ችግር ሲያገኝ ራሱ አስታውቆ፣ ሽጉጦቹን አስመልሶ፣ ክፍሎቹን ቀይሮ፣ ካዝና በምርቃት ጨምሮ ነው የመለሰው። ካዝና በምርቃት! እኔ በገንዘቤ አጥቼ። ግሎክም በ2011 የአራተኛው ትውልድ ሽጉጦቹን ሞላ በነጻ ቀይሯል። የብራዚሉ ቶረስ ግን በክስ ነው የተነቃነቀው፤ አሜሪካ ውስጥ ከሳሾቹ ጋር በ2015 የተስማማበት ጉዳይ ዘጠኝ ሞዴልና አንድ ሚሊዮን ገደማ ሽጉጥ የሚነካ ነበር። ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾችን ምርት ደህንነት የሚቆጣጠር ኮሚሽን አለ፤ የልጆች መጫወቻ ችግር ካለበት ከገበያ ያስወጣል። ሽጉጥ ላይ ግን ሥልጣን የለውም፣ ሕጉ ራሱ ከልክሎታል። ስለዚህ እዚያም ቢሆን የተበላሸ ሽጉጥ የሚመለሰው አምራቹ ሲፈልግ ወይም ፍርድ ቤት ሲያስገድደው ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አላገኘሁም። አንድ የሚጠቅም ነገር ግን አለ፤ ትልልቆቹ አምራቾች እንዲህ ያለ ጥሪ ሲያወጡ ድረ ገጻቸው ላይ የሽጉጡን ቁጥር አስገብቶ ማየት ይቻላል፣ ከየትም አገር፣ በነጻ። ጥገናውን ባታገኙ እንኳ እንዳይወድቅ ትጠነቀቃላችሁ።

ጎን ለጎን ያለን ማካሮቭ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 የታጠቁት፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ ከባድ፣ መልከ ጥፉ። ውስጡ ግን ብልሃት ነው። አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መዶሻውንም ምላጩንም ትሠራለች፣ የታችኛው ጫፏ ደግሞ ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። የሚበላሽ ነገር ትንሽ ነው፣ ቢበላሽም ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። የእሱም ፋብሪካ ኢሜይል አይመልስልኝም፣ ግን ጽፌለትም አላውቅም።

ስለ ዝገትም ልጨምር፣ ሐይቅ ዳር ለምትሠሩ። ክረምት ላይ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ያደረ ሽጉጥ ጠዋት ላብ ላብ ይላል። ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ማታ አውጥቶ፣ ወልውሎ፣ ስስ ዘይት መቀባት ነው። ስስ ብያለሁ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ካፈሰሳችሁ አቧራ ይዞ ይረጋል፣ መርፌው ይደክማል፣ ጥይቱም ይከሽፋል። ከከሸፈ ደግሞ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙ ወደማይጎዳበት አቅጣጫ እንደዞረ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ፦ ለሽጉጡ ከአምስት ሦስት፣ ያውም ከጋሼ እጅ በኋላ። ከካርቶኑ እንደወጣ ቢሆን አንድ ነበር። ለደንበኞች አገልግሎቱ ግማሽ፣ እሷም ማሽኑ ቶሎ ስለመለሰልኝ። ድርጅታችሁ ሊገዛ ካሰበ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን "ትርፍ ካዝናና ሞላ አለህ?" በሉት። "ይመጣል" ካለ አልመጣም ማለት ነው። የእኛው አሁን ከሁለተኛው ካዝና ጋር ብቻ መሣሪያ ማስቀመጫው ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ተረኛው የሚታጠቀው ማካሮቩን ነው።