ክሎን ወይስ የዲስክ ምስል?

ፒያሳ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ፣ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ሥራው ይቆማል። ለእንዲህ ያለው ቤት ምርጫዬ ክሎን ነው፤ ማለትም ዲስኩን ከነስርዓተ ክወናው በሌላ ዲስክ ላይ እንዳለ መገልበጥ። የተበላሸውን ፈትቶ ቅጂውን መግጠም ነው፣ ማሽኑ ይነሣል። ክሎንዚላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ በተለመደው አሠራሩ ግን ተቀባዩ ዲስክ ከምንጩ ማነስ የለበትም። ሁለቱን ሲመርጡ መጠንና ስማቸውን ደጋግሞ ማንበብ ያሻል፤ ከተገላበጡ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋል።

የዲስክ ምስል ሁሉንም ጨምቆ በፋይል ያስቀምጣል። አንድ ትልቅ ዲስክ የብዙ ኮምፒውተሮችን ምስል ስለሚይዝ ለቢሮ ዋጋው ይረክሳል። ነገር ግን በቀጥታ አይነሣም፤ ማስነሻ ፍላሽ፣ ባዶ ዲስክና ትዕግሥት ይጠይቃል። በመሃል መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና መጀመር ነው፣ ያውም ደንበኛ ተሰልፎ።