ከነካርቶኑ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሴፍቲ ጫማ፦ ከመክፈላችሁ በፊት የተመረተበትን ቀን እዩ

ወገን፣ ይህን የምጽፈው ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉ ሰዎች ነው። ለግንበኛው፣ ለበያጁ፣ ለመካኒኩ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርድ ሲጭን ለሚውለው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል፦ «ኦሪጅናል ሴፍቲ ጫማ፣ እግር ያልገባበት፣ ከነካርቶኑ፣ በግማሽ ዋጋ።»

ነገሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ጫማው ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ነው። እግርም አልገባበትም። ማንም የማይነግራችሁ ግን ካርቶኑ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ገዛ። ቆዳው ያምራል፣ ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ብራንዱም ስም ያለው ነው። ማድረግ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሄደበት ሁሉ ጥቁር ፍርፋሪ መጣል ጀመረ። መጀመሪያ ጭቃ መስሎን ነበር። ከዚያ ደረጃ እየወረደ ሳለ የአንዱ እግር ታኮ ተገንጥሎ ቀረ። ደግነቱ መሬቱ ቅርብ ነበር። ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ በማስቲሽ ሊያስለጥፈው ሞከረ፤ ማስቲሹ የሚይዘው ነገር አጣ። ሶሉ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሻጩ ጋ ሲመለስ ያገኘው መልስ «አጠቃቀምህ ነው» የሚል ነበር።

አጠቃቀሙ አይደለም። የአብዛኛው ሴፍቲ ጫማ ሶል፣ በተለይ እግር የሚያሳርፈው መካከለኛው ክፍል፣ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፎም ነው። ቀላል ነው፣ ይለሰልሳል፣ ፋብሪካ ውስጥ ከላይኛው ቆዳ ጋር በቀላሉ ይጋገራል፤ ማለትም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ያለ ስፌት ይያያዛል። ጠላቱ እርጥበት ነው። አየር ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ እያለ ይገባበትና ፎሙን ያያያዘውን የኬሚካል ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ሂደቱ ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጫማው ሳይደረግ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ነው። እንዲያውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ጫማ በየጊዜው ከሚደረገው ቀድሞ ሊበላሽ ይችላል። በየጊዜው አድርጉት፣ አስቀምጣችሁ አትርሱት ብለው የሚመክሩ አምራቾች ያሉትም ለዚህ ነው።

ስንት ዓመት ይቆያል? እንደ ፎሙ ዓይነትና እንደ መጋዘኑ ይለያያል። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚል ግምት በብዛት ይሰጣል። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ከተከማቸ ግን ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስቡት፦ ስድስትና ሰባት ዓመት የከረመ ጫማ «አዲስ» ተብሎ ይሸጥላችኋል። ቅናሹ የመጣው ከደግነት አይደለም። መጋዘን የሚያጸዳ ሰው ዕቃውን ለእናንተ እያስተላለፈ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የተመረተበትን ቀን እዩ። የደኅንነት ጫማ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ (ISO) 20345 ቀኑ ጫማው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምላሱ ውስጥ በተሰፋው ወይም በታተመው ምልክት ላይ ነው፤ መጠኑ፣ የደረጃው ቁጥርና የአምራቹ ስምም እዚያው አሉ። ሶሉን ገልብጣችሁ ስታዩ ደግሞ ከ1 እስከ 12 ቁጥሮች የከበቡት ትንሽ ክብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀስቱ ወሩን ያሳያል፣ መሐሉ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱን። አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው። ምልክቱ ተቆርጦ ከወጣ ወይም ቀኑ ብቻ ተፍቆ ከሆነ ጫማውን አስቀምጣችሁ ውጡ። ክርክር አያስፈልግም። የምትገዙት በስልክ ወይም በኦንላይን ከሆነ የምላሱን ውስጥና የሶሉን ፎቶ ጠይቁ። የቆዳውን ፎቶ በአሥር አቅጣጫ ልኮላችሁ ይህን አንዱን ለመላክ የሚያቅማማ ሻጭ አይታመንም።

ቀኑ ደህና ቢሆንም በእጃችሁ ፈትሹት። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ጤነኛ ፎም ይመለሳል። የታመመው ጥፍሩን ተቀብሎ ይቀራል፣ ወይም ይጣበቃል፣ ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ጫማውን ደጋግማችሁ እጠፉትና ቆዳና ሶል የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ በቂ ነው። ሻጩ «ኧረ ትሰብረዋለህ!» ካለ፣ መሬት ላይ ስትሄዱበት ከዚህ በላይ እንደሚታጠፍ ንገሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አንዳንድ ጫማ ከታች መሬት የሚነካው ክፍል ጎማ ነው፣ ፎሙ መሐል ላይ ነው ያለው። ጎማው ዓመታትን ይችላል፣ ጥርሱም አዲስ ይመስላል። የተበላሸው መሐሉ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። በሌላ በኩል፣ ፎም የሌለበት ሙሉ የጎማ ሶል ተሰፍቶ የተሠራ ጫማ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል፤ አሮጌ ስቶክ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም።

ስለ ስፌት ከተነሳ አይቀር፣ ሌላም ማታለያ አለ። ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር ዙሪያውን በክር የተሰፋ ጫማ ይከበራል፤ ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈትቶ አዲስ ሊያስገባለት ይችላል። ይህንን ስለሚያውቁ አንዳንዶች በሶሉ ጠርዝ ላይ የስፌት ቅርጽ አትመው ያወጣሉ። ወይም ክሩ እውነተኛ ሆኖ ምንም አይይዝም፣ ለጌጥ ብቻ ነው። ክሩን በጥፍራችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ከሶሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሶሉ የተጋገረ ወይም የተለጠፈ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፣ ጥሩ ጥሩ ጫማዎች እንዲህ ይሠራሉ። ነውሩ የተለጠፈውን በተሰፋው ዋጋ መሸጥ ነው።

ጣት እንዳይጨፈለቅ ከፊት የሚገባው ብረትስ? ማግኔት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ። ማግኔት ብረት መኖሩን እንጂ ብረቱ የሚችለውን አይናገርም። ስስ ቆርቆሮንም ይስባል። ደግሞ ከብረት ውጪ ከጠንካራ ፕላስቲክና ከፋይበር የሚሠራ ደህና መከላከያ አለ፤ ማግኔት እሱን አይስብም። የሚያዋጣው ጽሑፉን ማንበብ ነው። 20345 የሚል ከሆነ የጣት መከላከያው የ200 ጁል ምት እንዲችል ይጠበቃል። በግምት 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበት ማለት ነው። 20347 የሚል ካያችሁ ግን የጣት መከላከያ የማይጠየቅበት ሌላ ደረጃ ነው! ሁለቱ ጫማዎች ከውጭ ቁርጥ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ አንዲት አሃዝ ናት።

ከቁጥሩ አጠገብ ኤስ1 (S1) ወይም ኤስ3 (S3) የሚል የመከላከያ ዓይነት ኮድ አለ። ኤስ1 ብቻውን ሚስማር እንዳይወጋችሁ አይከላከልም። ሚስማር የበዛበት ቦታ የምትሠሩ ሰዎች ኤስ3 ወይም ኤስ1ፒ (S1P) ፈልጉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ደግሞ «አንቲስታቲክ» የሚለው ቃል እንዳያዘናጋችሁ። እሱ ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለማስወጣት ነው እንጂ ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የሻጮች አባባል፦ «አይዞህ፣ እያደር ይሰፋል።» ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ብረቱ ደግሞ በምንም ተአምር አይሰፋም። ትንሿን ጣት ብረቱ ጠርዝ ላይ የሚያሻት ጫማ ከዓመት በኋላም ያሻታል። ስለዚህ ሱቅ የምትሄዱት ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ስለሚያብጥ። ሥራ ላይ የምታደርጉትን ወፍራም ካልሲ ያዙ። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ የብዙ ሰው አንዱ እግር ይበልጣል፤ የምትገዙት ለትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ከዚያ ቁልቁለት ወይም ደረጃ ፈልጋችሁ ውረዱ። ጣታችሁ ፊቱን ከመታ ጫማው ለእናንተ አይደለም፣ ቅናሹ የፈለገውን ያህል ይሁን። ውኃ የቋጠረ እግር ይዞ የሚሠራ ሰው ስለሚያነክስ ወገቡንም ጉልበቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ጥሩውን ከገዛችሁ በኋላ ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ላብና ሲሚንቶ ናቸው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳንም ክርንም ይበላል፤ በዚያው ቀን ጠርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት። ማታ ማሰሪያውን ፈትታችሁ የውስጥ ንጣፉን አውጡ። በጣም ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። እሳት ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። በቤንዚን ማጽዳት የሚባለውን ልማድ ተዉት። ቆዳው ሲደርቅ የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት። በብረቱ ላይ ከባድ ዕቃ ከወደቀበት ደግሞ ከውጭ ምንም ባይታይም ቀይሩት፤ አንዴ የተጨፈለቀ መከላከያ ለሁለተኛው ምት አይታመንም።

አቅሙ ካለ ሁለት ጥንድ ገዝቶ ማፈራረቅ ጥሩ ነው። አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ታደርጋላችሁ፣ ሁለቱም ይከርማሉ። ሁለተኛውን ግን ለከርሞ ብላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አልጋ ሥር እንዳትከቱት።

እንዲህ ያለውን የቅናሽ ጫማ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ነገ ጠዋት መሰላል ከመውጣታችሁ በፊት የጥፍሩን ፍተሻ አድርጉ። ሶሉ ከተሰነጠቀ በዚያ ጫማ ከፍታ ላይ አትውጡ። የቀኑን ምልክት፣ ስንጥቁንና ደረሰኙን ፎቶ አንሡና ሻጩ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። «አጠቃቀምህ ነው» ካላችሁ የተመረተበትን ዓመት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ሌሎች ገዢዎች ባሉበት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።