ከዲትሮይት አምራች የገዛኋት የኤሌክትሪክ መኪና፦ የ16 ወራት ልምድ

ይህችን የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ገዝቼ እስካሁን 19,400 ማይል ነድቻታለሁ። ከዲትሮይት ነባር አምራቾች የአንዱ ሥራ ስትሆን፣ የደረሰብኝን ችግር ጭምር ስለምጽፍ ስሙን አልጠቅስም።

በአነዳድ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቤልትዌይ ወደሚባለው የከተማ ዙሪያ ፈጣን መንገድ ስገባ ያለ ድምፅ ትፈተለካለች፤ እግሬን ከመርገጫው ሳነሣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቷን ቀንሶ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራዎቿ ገና አዲስ ይመስላሉ። ዘይት መቀየር የሚባል ነገር ባለመኖሩ ለጥገና ከኪሴ ያወጣሁት ጎማ ለማቀያየር ብቻ ነው።

የጃንዋሪው ብርድ ግን ፈተነኝ። 300 ማይል ገደማ ትሄዳለች የተባለችው መኪና ከ200 ብዙም አላለፈችም፤ ቅዝቃዜ የባትሪውን ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገየዋል፣ የቤንዚን መኪና ከሞተሩ ትርፍ ሙቀት የሚያገኘውን ማሞቂያም ይህች ከዚያው ባትሪ ትቀዳለች። የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ ቻርጅ የማደርገው በሕዝብ ጣቢያ ነው፤ ከአራቱ ቻርጀሮች ሁለቱ ተበላሽተው በብርድ ወረፋ የጠበቅሁባቸው ምሽቶች አሉ። ከ2023 ጀምሮ አምራቾቹ ተራ በተራ የቴስላን የቻርጅ መሰኪያ ለመቀበል መወሰናቸው በቴስላ ጣቢያዎችም ቻርጅ ለማድረግ ስለሚያስችል ትልቅ እፎይታ ነው፤ የእኔዋ የቀድሞው ዓይነት መሰኪያ ስላላት ግን አዳፕተር ለብቻ ገዝቻለሁ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ አከፋፋዩ ጋ የገጠመኝ ነው። በማርች 2025 የመሐል ስክሪኗ ጠቁሮ ቀረ፤ በኤሌክትሪክ መኪና የሠለጠነው ባለሙያ አንድ ብቻ ስለነበረና መለዋወጫውም ስለዘገየ መኪናዬ ሦስት ሳምንት ቆመች። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ነባር አምራቾች የሚሸጡት በአከፋፋይ በኩል ነው፤ አከፋፋይ ደግሞ ከጥገና ብዙ ገቢ ስለሚያገኝ፣ ጥገና ለማታበዛ መኪና ባለሙያ ለማሠልጠን ባይቸኩል አይደንቅም። ይህን ያህል ጥሩ መኪና ሠርቶ ገዢውን በአገልግሎት ማስመረር፣ በእኔ እምነት፣ ኢንዱስትሪው ከባትሪው ይልቅ ሊጨነቅበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ዋጋውም ሌላ ፈተና ነው። ስገዛ የተቀነሰልኝ የ7,500 ዶላር የፌዴራል የታክስ ድጋፍ በሴፕቴምበር 30, 2025 አብቅቷል፤ በ2023 በኤሌክትሪክ መኪና ክፍሉ 4.7 ቢሊዮን ዶላር የከሰረው ፎርድም ሆነ ሌሎቹ ያንን ልዩነት ለረጅም ጊዜ ከራሳቸው ይሸፍናሉ ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። በ2024 የተጣለው የ100 በመቶ ቀረጥ የቻይናን የኤሌክትሪክ መኪኖች ከአሜሪካ ገበያ ቢያርቅም በሌላው ዓለም አላገዳቸውም፤ ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ታናሽ እኅቴ አዲስ አበባ ላይ የምትነዳው የቻይና ሥሪት ነው፣ ስትመርጥም ከአሜሪካ አምራቾች አንድም አማራጭ አልቀረበላትም።

መኪናዬን አልሸጣትም፤ ባትሪዋ የ8 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና አለው። ለመግዛት የሚያማክሩኝን ወዳጆቼን ግን ቤታቸው ቻርጀር ማስገባት ይችሉ እንደሆነና አከፋፋዩ ስንት የሠለጠነ ባለሙያ እንዳለው ውል ከመፈረማቸው በፊት እንዲያረጋግጡ እነግራቸዋለሁ።