ተክል ከመግዛታችሁ በፊት እኒህን አባት አናግሩ

ምስጋና የሚገባውን ሰው ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት ችግኝና የቤት ውስጥ ተክል የሚሸጡ አንድ አባትን ነው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። እኔ ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። የት እንደሚገኙ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ከእሳቸው በፊት ያየሁትን ፍዳ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ለምን አፌን ሞልቼ እንደማወድሳቸው አይገባችሁም። የምንኖረው ብርዱ በሚጠናበት አካባቢ ነው። የብርዱ ወራት ረጅም ናቸው። ጸሐይ ዘግይታ ትወጣለች፣ ቶሎ ትጠልቃለች፣ ውርጩም ባልታሰበ ሌሊት ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ተክል የሚሸጥ ሰው ሌላው ቢቀር ስለ ብርድ እውነቱን መናገር ነበረበት።

አንድ ቦታ ከበሬ ፊት ለፊት የሚቀመጥ አበባ ስገዛ «ብርድ ይችላል ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኩ። «ምንም አይሆንም፣ በየዓመቱ ተመልሶ ያብባል» አሉኝ። ጄራኒየም ነው የተባለው። ውርጭ በጣለ በመጀመሪያው ሌሊት አለቀ። ጠዋት በሩን ስከፍት ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ግንዱ ልፍስፍስ ብሎ ተኝቷል። ተመልሼ ሄጄ ስነግራቸው «አልተንከባከብሽውም» ተባልኩ። እውነቴን ነው፣ ከአበባው መሞት ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ንግግር ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ያበበ ቁልቋል ሸጡልኝ። ደስ ብሎኝ ይዤው ገባሁ። ቤት ገብቼ ጠጋ ብዬ ሳየው አበባው የራሱ አይደለም። የደረቀ አበባ አናቱ ላይ በሙጫ ተለጥፎበታል። ከላይ የተነሰነሰው ጠጠርም እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ውሃ ባፈስበት ወደ አፈሩ አይወርድም። ሰው እንዴት ሕይወት ያለው ነገር ላይ ሙጫ ያፈሳል? ለቤቱ ትንሽ ለምለም ነገር የተመኘን ሰው እንዲህ ማታለል ያሳዝናል።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ገና ከመግባቴ አንድ ትልቅ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ዓይኔን ያዘው። «ይሄን ይስጡኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ዋጋውን አልነገሩኝም። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ስለ ቤትሽ ንገሪኝ» አሉኝ። መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? ማሞቂያው ከመስኮቱ ስር ነው ወይስ ራቅ ይላል? ሌሊት ሌሊት ይጠፋል? መጋረጃው ሲዘጋ ተክሉ የሚቀረው በየት በኩል ነው? ትንሽ ልጅ ወይም ድመት አለሽ? ውሃ የሚያጠጣው ማነው? በሕይወቴ ማንም ሻጭ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ አንቺ ቤት ይሞታል፤ አልሸጥልሽም» አሉኝ። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ ተክሎች የሞቃት አገር ጫካ ልጆች ናቸው አሉ። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድባቸው ብዙዎቹ ይጎዳሉ። መስታወት ዳር ደግሞ ሌሊት ላይ ከክፍሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ መጋረጃ ሲዘጋበት ይብሳል። የገበያ ሰው ሆኖ ውዱን ተክል «አልሸጥልሽም» የሚል አይቼ አላውቅም። በምትኩ የሰጡኝ በዋጋ በጣም የሚያንሰውን ነው። ዚዚ የሚባለው፣ አገሩ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያለው ምሥራቃዊ አፍሪካ ነው። ከአፈሩ ስር ውሃ የሚያጠራቅምበት ወፍራም ግንድ አለው፤ ስለዚህ ሳምንታት ሳይጠጣ ይቆያል። ብርሃን ቢያንሰውም አያማርርም።

ተክሉን ከመስጠታቸው በፊት ያደረጉትን አልረሳውም። ግንዱን በጣቶቻቸው መሃል ይዘው ገለበጡትና መትከያውን ከስሩ መታ መታ አደረጉት። አፈሩ እንዳለ በእጃቸው ላይ ወጣ። «እይ፣ ስሩ ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰና መጥፎ ሽታ ካለው፣ ከላይ ምንም ያህል ቢያምር እንዳትገዢ» አሉኝ። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ድር የመሰለ ነገር ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ካለ መተው ነው። አበባ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁሉም የፈካውን ሳይሆን እምቡጥ የበዛበትን ይምረጥ አሉ፤ የፈካው እኮ ቤት ሳይደርስ ዕድሜውን ጨርሷል።

የሞተብኝን የበር አበባ ፎቶ ሳሳያቸው ወዲያው አወቁት። በጄራኒየም ስም የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ተክሎች ናቸው ለካ። አንደኛው ፔላርጎኒየም ነው። አብዛኛው ዘሩ የደቡባዊ አፍሪካ ነው፣ ውርጭ ይገድለዋል። ሁለተኛው እውነተኛው ጄራኒየም ነው፤ ብርዱን ችሎ ከስሩ እንደገና ይወጣል። ሳይንሱ እ.ኤ.አ. ከ1789 ጀምሮ ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል፣ ገበያው ግን ዛሬም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ውርጭ ሳይጥል ቤት አስገቢው ብሎ የነገረሽ ሰው የለም» አሉኝ። እንዴት እንደቀለለኝ!

ውለታቸው ልቤ ውስጥ የገባው ግን በእናቴ ምክንያት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። ዕድሜዋን በሙሉ ጓሮ ባለው ቤት የኖረች ሴት ናት። እጇ አፈር ካልነካ የዋለች አይመስላትም። እኔ ጋ የመጣችው ብርዱ በገባበት ሰሞን ነው። መሬቱ ጠንክሯል፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ተቀምጣ ውጭ ውጭውን ታያለች። ምግቧ ቀነሰ፣ ጨዋታዋም ጠፋ። «እማ፣ ምን ላምጣልሽ?» ስላት «የሚያብብ ነገር» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ችግሩ ክፍሏ ነው። ማሞቂያ ሲበዛ ራሷን ያማታል፤ ስለዚህ ክፍሏን ቀዝቀዝ አድርጋ ነው የምትይዘው። የጠየቅኳቸው ሻጮች ሁሉ «እዚያ ውስጥ ምንም አያብብም» አሉኝ። አንዱማ «የፕላስቲክ አበባ ግዢላት» አለኝ። ባሏን ለቀበረች እናት የፕላስቲክ አበባ ይገዛል?

ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሌሊት ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ጠየቁኝ። 12 ወይም 13 አልኳቸው። «እንግዲያው ይሄ ክፍል ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው» ብለው ወደ ውስጥ ገቡና ክሊቪያ ይዘው ወጡ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጃጅምና ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በዛፍ ጥላ ስር ይኖራል። ለማበብ ጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ 10 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይስማማዋል። ውርጭ ግን አይችልም። በዚያን ጊዜ ውሃው በጣም ይቀነስለታል፤ የአበባው ዘንግ ከቅጠሎቹ መሃል ብቅ ሲል ቀስ እያለ ይጨመርለታል። መትከያው ጠበበ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ስሩ ሲጨናነቅ ነው ደህና አድርጎ የሚያብበው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አስረድተውኝ ነበር፣ እኔ ግን ሁሉንም አልያዝኩትም። እማ ይዛዋለች።

በዚያ ቀን ውጭው ከዜሮ በታች ነበር። ከፍዬ ተክሉን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «እንዲህማ አትወጪም» አሉኝ። ሙቀት የለመደ ቅጠል ከሱቁ እስከ መኪናው ባለችው መንገድ ብቻ ሊመታ ይችላል፤ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። «ሂጂ መኪናሽን አስነስተሽ አሙቂው» ብለው ላኩኝ። ስመለስ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስበው በስስ ወረቀት አስረዋቸዋል። በላዩ ጋዜጣ ደርበው ዙሪያውን ጠቀለሉት። አናቱን አጥፈው ዘጉት፣ ቀዝቃዛ አየር እንዳይገባ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው ጎንና ጎኑን በወረቀት ጠቀጠቁት። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ካርቶኑንም ለእኔ አልሰጡኝም። ራሳቸው ተሸክመው፣ በካፖርታቸው ጫፍ ከልለው እስከ መኪናው አደረሱልኝ። በሩን ሲዘጉልኝ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጋ ትጥረግለት። ሥራ ይሆናታል» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ስለ እናቴ የነገርኳቸው በጣም ጥቂት ነው። ምን እንደጎደላት ግን ገብቷቸዋል።

ክሊቪያው የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል አበበ። ደማቅ ብርቱካናማ አበባ፣ አንድ ዘንግ ላይ ተሰብስቦ። እማ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ከዚያ በኋላ «ሰውየው ዘንድ ውሰጂኝ» ማለት ጀመረች። አሁን ሁለቱ ሲገናኙ እኔ ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ፣ ወሬያቸው አያልቅም።

የውጭውንም አትክልት እንዲሁ እሳቸው ናቸው ያስጀመሩን። እማ ብርዱን ጠላቷ አድርጋው ነበር። ጋሼ ግን ቱሊፕ ብርድ ካላገኘ በደንብ እንደማያብብ ነገሯት፤ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮረቱ፣ ማለትም ሽንኩርት የመሰለው የሚተከለው ክፍሉ፣ ዋናው ብርድ ከመግባቱ በፊት 15 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይቀበራል። ፒዮኒ የሚባለውም ብርድ ወዳድ ነው። በሚስማማው ቦታ ከተተከለ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስሩ ላይ ያሉት ቡቃያዎች ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከተቀበሩ ግን ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ አያብብም። ይህን የማይነግር ሻጭ የትየለሌ ነው። ሰውም ዓመት ጠብቆ ባዶ ቅጠል ያያል።

ሞቃት ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ሲሸጡም ዝም ብለው አይሸኙም። ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ እያለማመዳችሁ አውጡት ይላሉ፤ መጀመሪያ ጥላ ስር ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ጨመር እያደረጉ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት። ድመት ላለው ሰው ሊሊ ፈጽሞ አይሸጡም። የአበባው ብናኝ እንኳን የድመትን ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። አንዲት ሴት ቆንጆ ሊሊ መርጣ ከፍላ ልትወጣ ስትል ቀሚሷ ላይ የድመት ጸጉር አይተው ገንዘቧን ሲመልሱላት በዓይኔ አይቻለሁ።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ገበያ አናሳጣው። ትልልቆቹ ቦታዎች መብራቱ ያምራል፣ ተክሉም ያብረቀርቃል፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ግን የለም። ጋሼ ዘንድ ሂዱ። ጓደኛ ላኩ። አዲስ ቤት ለገባ ዘመድ ስጦታ የምትፈልጉም ከእሳቸው ግዙ፤ የሚቀበለውን ሰው ቤት ሳይጠይቁ እንደማይሸጡላችሁ አውቃችሁ ሂዱ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆቻቸውንም ይባርክ።

ስትሄዱ የመስኮታችሁን ፎቶ በስልካችሁ ያዙ፣ ማሞቂያው የት እንዳለ ይታይ። ሌሊት ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ አይታችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ውጭው ዜሮና ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ለቤት ውስጥ ተክል ባትሄዱ ይሻላል፤ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ መኪናውን ቀድማችሁ አሙቁ። ጠዋት ላይ ሰው አይበዛም፣ እንደልብ ያጫውቷችኋል። አድራሻውን ጠይቁኝ።