«ጥገና አይፈልግም» ተብሎ የሚሸጥ የነፋስ ተርባይን ውል እንዳትፈርሙ

ለገጠር ቤት ወይም ለእርሻ ትንሽ የነፋስ ተርባይን ልትገዙ ነው? ሻጩ «ምንም ጥገና አይፈልግም፣ በዓመት አንዴ መጥተን እናይላችኋለን» ካለ አትፈርሙ። ነፋስ እስካለ ድረስ ሌት ተቀን የሚሽከረከር፣ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ማሽን ያለ ጥገና አይቆይም።

እንዲህ ባለ ውል «ዓመታዊ ምርመራ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከምሰሶው ሥር ቆሞ አንጋጦ ማየት ነው። የክንፉ ሥር ላይ የጀመረ ስንጥቅ፣ የላላ ብሎን፣ ያለቀ ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ከሚዞረው ክፍል ወደ ወራጁ ገመድ የሚያሳልፈው ብሩሽ) ከታች አይታይም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ምሰሶው ወርዶ ወይም ባለሙያ ወጥቶ» የሚል በግልጽ ይጻፍ። ከተቻለም ከነጭራሹ የሚተኛ ምሰሶ ምረጡ። የማይተኛ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥገና ክሬን ወይም ምሰሶ ላይ የሚወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህን ወጪ ደግሞ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በእናንተ ላይ ይጥለዋል።

ምሰሶው ሲተኛ አጠገቡ ሁኑ። ከጄኔሬተሩ የሚወርዱት ሦስት ሽቦዎች ከሁሉም ነገር ተለያይተው ክንፉ በእጅ ሲዞር ቀለል ብሎ፣ ያለ ድምፅ መዞር አለበት። የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ሽቦዎቹ ተለያይተውም እየያዘ እየለቀቀ የሚዞር ከሆነ የጄኔሬተሩ የሽቦ ጥቅል ወይም ወራጁ ገመድ ሾርት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ተለያይተው እየቀለለ፣ ከሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ለባትሪ ወደሚሆን ቀጥታ የሚቀይረው ዕቃ) ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን በውስጡ የተቃጠለ ዳዮድ ፈልጉ። የክንፉን የፊት ጠርዝ ከጫፉ ጀምራችሁ በጥፍር ዳስሱት፤ ከሻከረ አሸዋና ዝናብ በልተውታል። ክንፍ ሲቀየር ክብደቱ የተመጣጠነ ሙሉ ስብስብ ይቀየር፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩት መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውንም ምሰሶውንም ይጎዳል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ዓመት አይጠብቅም። ደጋፊ የብረት ገመዶች ስለሚለጠጡ፣ መልህቃቸውም አፈር ውስጥ ስለሚደላደል፣ በተተከለ በአንድ ወር ገደማ ውጥረታቸውና ብሎኖቹ እንደገና መታየት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ከከባድ አውሎ ነፋስ በኋላም ወዲያውኑ። የገመድ መወጠሪያው በሽቦ ካልታሰረ በንዝረት ራሱን ይፈታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ይህ ነው፦ ተርባይኑ እየዞረ ባትሪውን የሚነቅል ጠጋኝ አታስነኩት። ጭነት የሌለው ጄኔሬተር ፍጥነቱም ቮልቴጁም ያሻቅባል፤ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሊቃጠል፣ ክንፉም ሊበጣጠስ ይችላል። መጀመሪያ ነፋሱ በረድ ሲል በብሬክ ማብሪያው ይቆም፣ ከዚያ ይነቀል። ብሬክ ማብሪያ የሌለው ተርባይን አትግዙ።

ከዚያ «ዋስትናው አያካትትም» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። ኩሽኔታ፣ ካርቦን፣ ክንፍና የጉልበት ዋጋ ከወጡበት ምንም የቀረ ዋስትና የለም። የኩሽኔታውን ቁጥር ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መደበኛ ቁጥር ካለው ከየትኛውም የኩሽኔታ ሱቅ ይገኛል። «ጄኔሬተሩ አይከፈትም፣ ሙሉውን ነው የምንቀይረው» ካሉ ግን ተዉት።

ክፍያውንም ከምርቱ ጋር አስሉ። የክንፉ ክብ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሆነ ተርባይን በሰከንድ 12 ሜትር ነፋስ 1000 ዋት ገደማ ቢሰጥ፣ በ5 ሜትር ነፋስ 70 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ስለሚቀንስ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ የጥገናውን ክፍያ ግን በሁለተኛው መዝኑት።

የዋጋውን የተወሰነ ክፍል ያዙና የአንድ ወሩ ፍተሻ ምሰሶው ወርዶ፣ እናንተ ባላችሁበት ከተሠራ በኋላ ክፈሉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ለሌላውም ፍተሻ አይመጣላችሁም።